መንገዱን አንባቢው የሚመርጥበት የሥዕል ታሪክ፦ ከወረቀት፣ ከስልክና ከደብተር የቱን እንያዝ?

ባለፈው ክረምት የእህቴ ሦስት ልጆች ደብረ ብርሃን እኔ ዘንድ ከረሙ። የሐምሌን ደብረ ብርሃን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጭጋጉ ይወርዳል፣ ዝናቡ አያባራም፣ ልጅ ከቤት አይወጣም። ታላቅየዋ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከላትን መጽሐፍ ይዛ መጥታ ነበር። ኮሚክ ነው፣ በሥዕል የሚተረክ ታሪክ፤ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በተራ አይነበብም። ታሪኩ መሃል ላይ ይቆምና «በሩን ከከፈትክ ወደዚህ ገጽ፣ ከሸሸህ ወደዚያ ገጽ ሂድ» ይላል። ሦስቱም አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተው ሲከራከሩ ይውላሉ። ትንሹ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ማንበብ ገና አይችልም። የእሱ ሥራ ምርጫው ያለበት ገጽ ውስጥ ጣቱን አስገብቶ መያዝ ነበር። ታላላቆቹ የመረጡት መንገድ ገደል ሲከታቸው «ተመለሱ፣ ይዤላችኋለሁ!» ይላል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ጣት ነው። ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ልጆቹን አይተው «ለኛም ልጆች እንዲህ ያለ ነገር እንፈልግ ነበር፣ የቱን እንግዛ? ስልክ ላይ አለ አሉ፣ እሱ አይሻልም?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። እኔም ዓመቱን ሙሉ ያገኘሁትን ሁሉ ሞከርኩ፤ በወረቀት፣ በስልክ፣ በኮምፒዩተር፣ እንዲሁም ራሳችን ደብተር ላይ እየሣልን። ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ የልጁ ጣት ነው ብዬ አምናለሁ፦ ተመልሶ ሌላውን መንገድ ማየት ምን ያህል ይቀላል?

ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ብለን፣ መልሱ ሲጠፋን አገር እየሰጠን ያደግን ሰዎች ነን። «ጎንደርን ሰጠሁሽ» — «አልፈልግም» — «እሺ አንኮበርን»። እዚያ ጨዋታ ላይ ሰሚው ቁጭ ብሎ ብቻ አይሰማም። ኤድዋርድ ፓካርድ የተባለው አሜሪካዊ ጠበቃም ሐሳቡን ያገኘው ለሴት ልጆቹ የመኝታ ተረት ሲያወራ ነው። ታሪኩ ሲያልቅበት «ከዚህ በኋላ ምን ቢያደርግ ይሻላል?» ብሎ ጠየቃቸው፤ የተለያየ መልስ ሰጡት። ከዚያ የተነሳው ተከታታይ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1979 መታተም ጀምሮ ከ250 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። እነዚያ መጻሕፍት ግን በብዛት ጽሑፍ ናቸው፤ ሥዕል አልፎ አልፎ ነው ያላቸው። እኔ እዚህ የማወራው ታሪኩ ራሱ በሥዕል ስለሚሄድበት ዓይነት ነው።

ኮሚክ አንብቤ አላውቅም የሚል ካለ፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የንግሥተ ሳባን ሥዕል ያስታውስ። በሣጥን በሣጥን ተከፋፍሎ በተራ የሚነበበውን። እሱን ያነበበ ኮሚክ ያነባል። ከዚህ በታች «ክፈፍ» የምለው እያንዳንዱን ሣጥን ነው።

መጀመሪያ መስፈርቶቹ

*መመለስ።* በተራ ልቦለድ ባለታሪኩ ሲሞት አዝነን መጽሐፉን እንዘጋዋለን። እዚህ ግን የሞተው በኛ ምርጫ ነው። ሌላው መንገድ ምን ነበር የሚለው እንቅልፍ ይነሳል። መመለሱ አድካሚ ከሆነ አንባቢው አንድ መንገድ ብቻ አይቶ ይተወዋል፣ አብዛኛው ሥዕል ሳይታይ ይቀራል። በጣም ከቀለለም ችግር አለው፤ ምርጫው ክብደቱን ያጣል፣ ልጁ ሳያስብ ሁሉንም መነካካት ይጀምራል። ጥሩው መሃል ላይ ያለው ነው።

*ምርጫው የምር ነው ወይ?* ይህን ብዙ ሰው አያጣራም፤ መጽሐፍና መጽሐፍ የሚለየው ግን እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። እያንዳንዱ ምርጫ ሁለት መንገድ ቢከፍትና መንገዶቹ ዳግመኛ ባይገናኙ፣ ከ3 ምርጫ በኋላ 8 መጨረሻ ያስፈልጋል። ከ10 በኋላ 1,024። ከ20 በኋላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ። ያን ሁሉ የሚስል ሠዓሊ የለም። ጽሑፍ ቢሆን አንድ አንቀጽ መጨመር ነው፣ ሥዕል ግን አንዱ ገጽ ብቻውን ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ደራሲዎች ሁለት ዘዴ አላቸው። አንደኛው አንዱን መንገድ ቶሎ መግደል ነው፤ ሁለተኛው መንገዶቹን ዞር አድርጎ እንደገና ማገናኘት። ሁለቱም ነውር የለባቸውም፣ አለመጠን ሲሆኑ ግን አንባቢው ይሸወዳል። ግራ ብትሄዱም ቀኝ ብትሄዱም ቀጣዩ ገጽ አንድ ከሆነ ምርጫው የይስሙላ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ምርጫ ላይ ከፍታችሁ ሁለቱንም መንገድ ሁለት ሁለት ገጽ ተከተሉ። ወዲያው ተመልሰው ከተገጣጠሙ ሌላ ፈልጉ።

*ዓይን።* ጽሑፍ ሳይነበብ አይገባም። ሥዕል ግን ሳይነበብም ይገባል። ገጹን ስትገልጡ በግራ በኩል ባለታሪኩ በሩ ፊት ቆሞ ያመነታል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የሌላው መንገድ አንበሳ ቁጭ ብሏል። ዓይናችሁ አየው፤ አበቃ፣ ምርጫው ተበላሸ። የምርጫ ኮሚክ ከጽሑፍ ዘመዱ የሚለይበት ትልቁ ችግር ይህ ነው፤ ከታች ያሉት ዓይነቶች በሙሉ ለዚህ ችግር የየራሳቸው መልስ አላቸው።

*ማስታወስ።* ሦስተኛው ገጽ ላይ ለሽማግሌው ዳቦ ከሰጣችሁት ሠላሳኛው ገጽ ላይ ያስታውሳችኋል? ወረቀት አያስታውስም፤ እናንተ በእርሳስ መጻፍ አለባችሁ። ስልክ ያስታውሳል።

የቀሩት የታወቁ ናቸው፦ ቋንቋው፣ መብራትና ኔትወርኩ፣ ዋጋው፣ ስንት ሰው አብሮ ያነባል የሚለው። ቋንቋውን በተመለከተ በአማርኛ የታተመ እስካሁን እጄ አልገባም፤ የምንመርጠው በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ሥራዎች ነው። ይህ ብቻውን ግን ተስፋ አያስቆርጥም፣ ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ።

በገጽ ቁጥር የሚሄደው የወረቀት መጽሐፍ

ክረምቱን ያሳለፍነው በዚህ ነው። ክፈፎቹን ታነባላችሁ፣ ከገጹ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ምርጫ ይሰጣችኋል፣ ወደተባላችሁበት ገጽ ትዘላላችሁ።

መብራት ሲጠፋ በሻማም ይነበባል። መሐል ሜዳ ያለችው የአክስቴ ልጅ ኔትወርክ የሚመጣላት ሲፈልገው ነው፣ ለእሷ ከዚህ የተሻለ የለም። ሦስት አራት ልጅ አንድ ላይ ያነበዋል፤ እንዲያውም ብቻቸውን ሲያነቡት ጣዕሙ ግማሽ ይሆናል። መከራከሩ ነው ጨዋታው። መመለስም ጣት እስካለ ድረስ ቀላል ነው፤ ግን ጣት አሥር ብቻ ነውና አምስት ስድስት ምርጫ ወደኋላ መሄድ ያታግላል። ያ ትክክለኛው ክብደት ይመስለኛል።

እንግሊዝኛውስ? ኮሚክ በአንድ ገጽ ላይ ያለው ቃል ጥቂት ነው፤ ሥዕሉ ትርጉሙን ይደግፋል። የሰባተኛ ክፍሏ ልጅ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋ እያነበበች ለእህቷና ለወንድሟ በአማርኛ ትተርክላቸው ነበር። ያልገባትን ቃል ከሥዕሉ ትገምታለች። ምርጫ ላይ ሲደርሱ ግን መገመት አይበቃም፤ ስህተት ከገመተች ገደል ነውና መዝገበ ቃላት አውጥታ ታያለች። በግድ ቃል ከማስጠናት ይህን እመርጣለሁ።

ድክመቱ የዓይኑ ነገር ነው። ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ገጾች ምስጢር ያወጣሉ። ትንሹ ልጅ «እዚያ ጋ እባብ አይቻለሁ!» እያለ ስንት ጊዜ አበላሸብን። አንድ ነጭ ወረቀት ለአራት አጥፋችሁ የማታነቡትን ገጽ መሸፈን ይረዳል።

ዋጋው የሚወሰነው መጽሐፉ በሚመጣበት መንገድ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካላችሁ ሻንጣው ውስጥ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ቦታ አይነፍጋችሁም። አዲስ አበባ ላይ ከአሮጌ መጻሕፍት አዟሪዎች የድሮዎቹ የጽሑፍ ዓይነቶች አንዳንዴ ይገኛሉ። የሥዕሎቹ ግን ብርቅ ናቸው።

መስመር እየተከተሉ የሚነበበው

እዚህ ጎራ አንድ መጽሐፍ በስም ልጥራ፣ የሚመስለው ጥቂት ስለሆነ። አሜሪካዊው ጄሰን ሺጋ ሒሳብ የተማረ የኮሚክ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው «ሚንዋይል» የሚባለው መጽሐፍ 3,856 የታሪክ አማራጭ እንዳለው ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። የሚጀምረው አንድ ልጅ አይስክሬም ቤት ገብቶ ቫኒላ ወይስ ቸኮላት ተብሎ ሲጠየቅ ነው። በቃ፣ ይህች ትንሽ ምርጫ።

የገጽ ቁጥር አትከተሉም። ከክፈፍ ወደ ክፈፍ ቀጭን ቱቦ የሚመስል መስመር ይሄዳል፣ ምርጫ ላይ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፣ ከገጹ ጫፍ ወጥቶ በምላስ መሳይ ወረቀት በኩል ሌላ ገጽ ውስጥ ይገባል። በጣት ነው የሚነበበው ማለት ይቻላል። አንድ ገጽ ላይ የብዙ መንገድ ክፈፎች ተቀላቅለው ስላሉ ዓይን ሌላውን ቢያይም የየትኛው መንገድ እንደሆነ አያውቅም። ለዓይን ችግር ካየኋቸው መፍትሔዎች ሁሉ ብልሁ ይሄ ነው። ለማስታወስ ችግርም መላ አለው፦ በአንዱ መንገድ ያወቃችሁት ኮድ በሌላው መንገድ ያስፈልጋችኋል። መጽሐፉ አያስታውስም፣ እናንተ ታስታውሳላችሁ።

ከባድ ጎኑ ምላሶቹ ናቸው። ብዙ እጅ ከነካቸው ይታጠፋሉ፣ ይቀደዳሉ፤ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አልመክረውም። ሥዕሉ ቀላልና የልጅ ቢመስልም ታሪኩ የሰው ዘር የሚያልቅበት መንገድም አለው። ከዘጠኝ አሥር ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ብቻውን አልሰጥም። መመለስ ደግሞ እዚህ በጣት አይሆንም፤ መስመሩን ወደኋላ መከተል ነው፣ ሲጠፋባችሁም ከአይስክሬሙ መጀመር። እኔ ወድጄዋለሁ። ቶሎ የሚሰላች ልጅ ግን ይጥለዋል።

ቁጥር ሥዕሉ ውስጥ የተደበቀበት

ማካካ የተባለ የፈረንሳይ አሳታሚ የሚያወጣቸው፣ ቫን ራይደር ጌምስ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚም ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉሞ የሚሸጣቸው አሉ። እያንዳንዱ ክፈፍ ቁጥር አለው። አንድ ክፍል ውስጥ ስትገቡ በሩ ላይ 112፣ መስኮቱ ላይ 87 ተጽፎ ታያላችሁ፤ የመረጣችሁትን ቁጥር ፈልጋችሁ ትሄዳላችሁ። አንዳንዱ ቁጥር ግን መጋረጃው እጥፋት ውስጥ፣ የድንጋዩ ስንጥቅ ላይ ተደብቋል። ያላየ ያልፈዋል። ምርጫው ከሥዕሉ ሥር ሳይሆን ሥዕሉ ውስጥ ነው፣ ኮሚክ ሆኖ መሠራቱ ትርጉም የሚያገኘውም በዚህ ነው። ዓይን እዚህ ይሸለማል።

ግን ይህ ንባብም ጨዋታም ነው። በብዙዎቹ ጉልበትና ዕቃ የሚመዘገብበት ወረቀት፣ እርሳስ፣ አንዳንዴም ዳይስ ያስፈልጋል። የመመዝገቢያውን ገጽ መጽሐፉ ላይ አትጻፉበት፤ ፎቶ ኮፒ አስነሱት። መመለስ በአብዛኛው ሕጉ አይፈቅድም፤ ከሞታችሁ ከመጀመሪያው ነው። ለወጣቶች፣ ለጓደኛሞች፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ጊዜ ላላቸው ይስማማል። ለትንሽ ልጅ አይሆንም። ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል፤ መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ ሽፋኑ ጠንካራ ነው፣ ማምጣቱም ያስከፍላል።

ስልክና ኮምፒዩተር ላይ የሚጫነው

ስልክ የዓይንን ችግር በአንድ ጊዜ ይገላግላል፤ የሚያሳየው አንድ ክፈፍ ብቻ ነው። ያስታውሳልም። ሙዚቃና ድምፅ ይጨምራል።

ከነዚህ ውስጥ በብዛት የምታገኙት ከጃፓን የመጣውና «ቪዥዋል ኖቭል» የሚባለው ዓይነት ነው፦ ከኋላ የቦታው ሥዕል፣ ከፊት ገጸ ባሕርያቱ፣ ከሥር ንግግሩ። ብዙዎቹ የተሠሩት ቶም ሮታሜል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው «ሬንፓይ» በተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ስለ ሬንፓይ የምወደው አንድ ነገር አለ። ወደኋላ መመለሻ አብሮት ተሠርቷል፤ ደራሲው ካልዘጋው በስተቀር ምርጫው ጋ ተመልሳችሁ ሌላውን ትይዛላችሁ። ያነበባችሁትን ገጽ በፍጥነት መዝለልም ትችላላችሁ፣ ሁለተኛው ንባብ የመጀመሪያውን ያህል አይረዝምም። የልጁን ጣት ማሽን ውስጥ ያስገቡት ያህል ነው።

በነፃ የሚለቀቁ ብዙ አሉ፤ ኢች ዶት አይኦ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ሠሪዎቹ ራሳቸው ይለጥፋሉ። ግን ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ አንብቡት። የሥዕሉ ማማር አያታላችሁ፣ ለአዋቂ ብቻ የተሠራ ብዙ አለ።

የምትከፍሉበት ሲሆን ሌላ ጣጣ ይመጣል። የአገራችን የባንክ ካርድ የውጭ ክፍያ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም፣ ውጭ ያለ ሰው መለመን ነው። እኔ በዘመድ ካርድ የተገዛ አንድ ነበረኝ፤ ስልኬ ተሰብሮ ሌላ ስይዝ የተገዛበት መለያ (አካውንት) የእኔ ስላልነበረ ታሪኩ ከነምርጫዬ ጠፋ። መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ መደርደሪያዬ ላይ ነበር። ስትገዙ በማን መለያ እንደሆነ አስቡበት። አውርዶ ያለ ኔትወርክ መነበቡንም አጣሩ፤ አንዳንዱ እያንዳንዱን ምዕራፍ በመጣችሁ ቁጥር ከኔትወርክ ይስባል፣ ፓኬጃችሁን ይበላዋል።

ሌላው ደግሞ ስልክ የአንድ ሰው ነው። ሦስት ልጅ በአንድ ስልክ ላይ አይከራከርም፤ የያዘው ይመርጣል፣ ሌሎቹ ትከሻው ላይ ይንጠለጠላሉ። ቴሌቪዥን ወይም ትልቅ ስክሪን ላይ ካገናኛችሁት ይሻሻላል።

በብራውዘር የሚከፈተው

ክሪስ ክሊማስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው «ትዋይን» የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ። በሱ የተሠራ ታሪክ አንድ ፋይል ሆኖ ይወጣል፣ በማንኛውም ብራውዘር ይከፈታል። በቴሌግራም ይላካል፣ በፍላሽ ይገለበጣል። የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ክፍል ላላቸው ተመራጭ ነው፣ ምንም መጫን አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ሥዕሎቹ ፋይሉ ውስጥ ካልገቡ ወይም አብረው ካልተገለበጡ ጽሑፉ ይከፈታል፣ ሥዕሉ ባዶ ይሆናል። ለኮሚክ ያ ማለት ምንም አልቀረም ማለት ነው። ኔትወርክ ዘግታችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ አካፍሉ።

የቴሌግራም ድምፅ መስጫም አለ። ሠዓሊው አንድ ገጽ ይለጥፋል፣ ከሥር «ይግባ ወይስ ይመለስ?» ብሎ ያስመርጣል፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው በሚቀጥለው ሳምንት ይሣላል። ዘዴው ያጓጓል፣ ሠዓሊውም የሚስለው አንድ መንገድ ብቻ ስለሆነ ይቀለዋል። ግን መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ ያልተመረጠው መንገድ ጭራሽ አይሣልም። እኔን ይከፋኛል።

ደብተሩ

የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲያልቅብን፣ ማለትም ሁሉንም መንገድ ሲጨርሱት፣ ዝናቡ ገና ነሐሴን ይዞ ነበር። መካከለኛዋ «አክስቴ፣ እኛ ለምን አንሠራም?» አለችኝ። ሠራን።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ልጅ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ደብረ ሲና ላለችው አያቱ መድኃኒት ያደርሳል። ጣርማ በር ሲደርስ ጭጋግ ሁሉን ሸፍኖታል፤ መኪናው ቆሟል። ዋሻውን በእግሩ ያልፋል ወይስ በድሮው የእግር መንገድ ቁልቁል ይወርዳል? እግር መንገዱን ከመረጠ ጭላዳዎች ያገኛል፣ ዋሻውን ከመረጠ ጨለማ ውስጥ የሚያስል ሰው ይሰማል። እዚያ ጋ ስንደርስ ሦስቱም ተጣሉ፣ ሁለቱንም ሣልናቸው።

እንዴት እንደሠራነው ልንገራችሁ፣ ይህን ማንም መሥራት ይችላል። 3 ምርጫ፣ እያንዳንዱ ሁለት መንገድ ያለው፣ መንገዶቹ ሳይገናኙ፣ 15 ትዕይንት ይሆናል፦ 1፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8 መጨረሻ። አንዱን ትዕይንት በአንድ ገጽ ላይ በአራት ክፈፍ ከሣላችሁ አንድ ተራ ደብተር ይበቃል፣ ይተርፋልም። 4 ምርጫ ካላችሁ 31 ትዕይንት ይመጣል፤ ለልጅ ይበዛል፣ እዚያ ላይ መንገዶችን ማገናኘት ግድ ነው። መጀመሪያ ትዕይንቶቹን በቁርጥራጭ ወረቀት ጻፏቸው፣ አልጋ ላይ ዘርጓቸው፣ በክር አገናኟቸው። ክሩ የማይደርስበት ወረቀት ካለ ማንም የማያነበው ገጽ ነው ማለት ነው። ከዚያ ቁጥሩን አደባልቁት። አንድ ምርጫ የሚያደርስባቸው ሁለት ገጾች ጎን ለጎን እንዳይውሉ፣ ዓይን ያያቸዋል። ምርጫ ያለበት ገጽ ሁልጊዜ በስተቀኝ ይሁን፤ ቀጣዩን ለማየት መግለጥ ያስፈልጋልና ልጁ ቆም ብሎ ያስባል።

ስምንት መጨረሻ ያስፈልጋል ስል ልጆቹ መጀመሪያ ሰባቱን ሞት አደረጓቸው። እንደዚያ አይሆንም አልኩ። አንባቢ በተሳሳተ ቁጥር ከሞተ መምረጥ ትቶ መገመት ይጀምራል። ሁለት ሞት፣ ሦስት ደስታ፣ የቀሩት ቅሬታ ያለባቸው ይሁኑ ብዬ ተከራክሬ አሸነፍኩ። መድኃኒቱ ደረሰ ግን ዘገየ የሚለው መጨረሻ ከሁሉም በላይ ተወዷል።

ቋንቋው አማርኛ፣ ቦታው የሚያውቁት። ወጪው ደብተርና እርሳስ። የሥዕሉ ጥራት የልጅ ነው፣ አዎ። ማባዛት ከፈለጋችሁ በጥቁር እስክሪብቶ ሣሉት፤ ፎቶ ኮፒ ቀለም እርሳስን በደንብ አያሳይም። ወደ ስልክ መውሰድም ይቻላል፦ ገጾቹን በብርሃን ፎቶ አንስቶ ትዋይን ላይ ማስገባት። ሬንፓይ ከሆነ ግን የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ራሳችሁ ፋይሉ ውስጥ ጨምሩበት፤ አለዚያ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሣጥን ሊደረደር ይችላል። እንደ ኖቶ ያሉ ነፃ ፎንቶች አሉ።

በአንድ ዓይን

| ዓይነት | መመለስ | ያስታውሳል? | መብራትና ኔትወርክ | ስንት ሰው ያነባል | ወጪ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| በገጽ ቁጥር የሚሄድ መጽሐፍ | በጣት፣ ቀላል | አያስታውስም | አይፈልግም | ከ2 እስከ 4 አብረው | መካከለኛ | ከ7 ዓመት በላይ፣ ቤተሰብ |
| በመስመር የሚሄድ መጽሐፍ | አድካሚ | አያስታውስም፣ ኮዱን አንባቢው ይይዛል | አይፈልግም | 1 ወይም 2 | መካከለኛ | ከ10 ዓመት በላይ፣ እንቆቅልሽ ወዳድ |
| የተደበቀ ቁጥር ያለው | ሕጉ አይፈቅድም | በእርሳስ ይመዘገባል | አይፈልግም | ከ1 እስከ 3 | ከፍተኛ | ወጣቶች |
| ስልክ ላይ የሚጫን | በጣም ቀላል | ያስታውሳል | ባትሪ፣ አንዳንዱ ኔትወርክ | 1 | ከነፃ እስከ መካከለኛ | ብቻውን የሚያነብ አዋቂ |
| በብራውዘር የሚከፈት | ብዙውን ጊዜ ቀላል | ሊያስታውስ ይችላል | መብራት | ክፍል ሙሉ | ነፃ | ትምህርት ቤት |
| የቴሌግራም ድምፅ መስጫ | የለም | የለም | ኔትወርክ | የፈለገው ያህል | ፓኬጅ ብቻ | በሳምንት አንድ ገጽ መጠበቅ የሚችል |
| ራስ የሚሠሩት ደብተር | በጣት፣ ቀላል | አያስታውስም | አይፈልግም | የፈለገው ያህል | ደብተርና እርሳስ | ሁሉም |

እንግዲህ ለማን የቱ?

ገንዘብ ከሌለ ጥያቄ የለውም፣ ደብተሩን ያዙ። ገንዘብ ቢኖርም ከደብተሩ ብትጀምሩ እመርጣለሁ። አንድ ጊዜ ራሱ የሠራ ልጅ የሌላውን ሥራ ሲያነብ የይስሙላውን ምርጫ ከሩቅ ያውቀዋል።

ቤት ውስጥ ከአንድ በላይ ልጅ ካለ በገጽ ቁጥር የሚሄደው ይሻላል። አንድ ብቻ ማስመጣት ከቻላችሁ እሱን አስመጡ፤ ሁለት ከቻላችሁ ሁለተኛውን ከጎረቤት ጋር ተለዋወጡበት። አንድ መጽሐፍ ሁሉም መንገዱ እስኪታወቅ ወር ገደማ ያቆያል፣ ከዚያ በኋላ ለእናንተ አልቋል፣ ለጎረቤት ግን አዲስ ነው።

ተማሪ ከሆናችሁና ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ዋይፋይ የምታገኙ ከሆነ፣ ነፃ የሬንፓይ ሥራዎችን እዚያ አውርዳችሁ ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሦስት አራት ነፃ ሞክሩ፣ ዘርፉ እንደሚስማማችሁ ታውቃላችሁ። ከቤት ወደ ሥራ ስትሄዱ፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን አቀበቱን በሚኒባስ ስትወጡም ስልክ ይሻላል፤ መጽሐፍ መገልበጥ ከነጣቱ በዚያ መንገድ አይቻልም፣ ሞክሬዋለሁ፣ ያጥወለውላል።

መምህራን ትዋይንን ይሞክሩ፣ ፕሮጀክተር ካለ ደግሞ ክፍሉ እጅ እያወጣ ይምረጥ። የተሸነፉት ወገኖች «የኛንም እንይ» ማለታቸው አይቀርም፤ ለዚያ አሥር ደቂቃ አስቀሩ።

ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ላምጣ?» ሲላችሁ «የምርጫ ኮሚክ» ብቻ አትበሉ፣ የጽሑፉን ዓይነት ይዞ ይመጣል። ውስጡን ገልጦ ፎቶ እንዲልክላችሁ ንገሩት፤ አንድ ምርጫ ያለበት ገጽ፣ ምርጫው የሚያደርስባቸው ሁለት ገጾች። በሦስት ፎቶ ሥዕሉም፣ የእንግሊዝኛው ክብደትም፣ ምርጫው የምር መሆኑም ይታያል።